በእባብና በእጅ መካከል

ጎተራ ሥር እባብ ታየ ሲባል በመንደሩ የሚሆነው ሁሌም አንድ ነው። ልጆች ይጮኻሉ፤ እናቶች ሕፃናቱን እየጎተቱ ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ወንዶች ከእጃቸው የገባውን ይዘው ይሮጣሉ። አንዱ ዱላ፣ አንዱ አካፋ፣ አንዱ መንሽ፣ ያጣው ደግሞ ድንጋይ። ጎተራውን ከበው፣ እርስ በርስ እየተጯጯኹ፣ ጨለማው ውስጥ ይወጋሉ። ጎተራ ሥር በተገኘ እባብ ሰው የሚነደፈው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። እባቡ አይጥ ፍለጋ ገብቶ እስኪታይ ድረስ ማንንም አልነካም ነበር፤ አደጋው የመጣው ሰው ሊመታው ሲጠጋ ነው።

ከማይፈለግ እባብ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው በእጁ ምን ቢይዝ ይሻለዋል? በልዩ ልዩ አገር ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ መሣሪያዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከባለ ባላ እንጨት ጀምሮ ቃታ እስካለው ረጅም ጉጠት፣ ከጎልፍ መምቻ ዱላ ከተሠራ ሜንጦ እስከ ተራ የፍሳሽ ቱቦ። አንዳንዱ ሰውንም እባቡንም ያድናል፤ አንዳንዱ ሰውየውን ያለቦታው ደፋር ያደርገዋል። እኔ ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ሚዛን ነው፦ ይህ መሣሪያ የሰውን እጅ ከእባቡ አፍ ምን ያህል ያርቀዋል?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስል ቁጥሩን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከእነዚህ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ከሞቱት ሦስት እጥፍ ያህሉ ደግሞ እጅ ወይም እግራቸው ተቆርጦ፣ አለዚያም ዕድሜ ልክ በማይለቅ ጉዳት ይቀራሉ። ድርጅቱ የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 ደግሞ ሞቱንና አካል ጉዳቱን እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። የሚነደፈው በአብዛኛው ገበሬ፣ እረኛ፣ የቀን ሠራተኛና ሕፃን ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የጤና ተቋም የሚርቃቸው ናቸው።

አገራችን ሁሉም ዓይነት አላት። ወፍራሙና አጭሩ እፉኝት፣ በውጭዎቹ አጠራር ፓፍ አደር፣ ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ይገኛል፤ ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ ቅጠል መስሎ ይተኛል፣ የሚረግጠውንም ይነድፋል። በደረቁ ቆላ ኤኪስ የምትባለው ትንሽዬ እፉኝት አለች፤ ስትቆጣ ቅርፊቶቿን እርስ በርስ እያፋተገች በጋለ ምጣድ ላይ ውኃ እንደ ጠብ ያለ ድምፅ ታሰማለች። ጥቁር ማምባ አለ፤ የግብፅ ኮብራ አለ፤ በደቡብ በኩል በ2007 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው ግዙፉ መርዝ ተፊ ኮብራ አለ። በባሌ አካባቢ የምትታወቅ አንዲት እፉኝት እንኳ በ2016 ለሳይንስ አዲስ ሆና ተመዝግባለች። ከእነዚህ ይልቅ በቁጥር የሚበዙት ግን መርዝ የሌላቸው፣ አይጥና እንሽላሊት እየበሉ የሚኖሩ እባቦች ናቸው። ችግሩ ጎተራ ሥር፣ በጨለማ፣ በድንጋጤ ማንም ይህን ከዚያ ለይቶ የማያይ መሆኑ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለም?

ከዱላው ልጀምር። ዱላ የሁሉም ታላቅ ነው፤ በሁሉም ቤት አለ። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዱላ የሚሠራው ከተመታ ብቻ ነው፤ ከተሳተ ግን የተቆጣ እባብና ሚዛኑን ስቶ ወደፊት ያዘነበለ ሰው ፊት ለፊት ይቀራሉ። አብዛኛው እባብ ዘሎ የሚነድፈው የሰውነቱን ርዝመት ሢሶ ወይም ግማሽ ያህል ርቀት ነው። አንድ ሜትር የሆነ እፉኝት ግማሽ ሜትር ይደርሳል እንበል፤ የአንድ ሜትር ዱላ የያዘ ሰው አጎንብሶ ሲመታ ዱላው ሳይሆን ክንዱና ጉልበቱ ናቸው የሚቀርቡት። ማምባ ሲሆን ይህ ሒሳብም አይሠራም፤ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፣ የሰውነቱን የፊት ክፍል ከመሬት አንሥቶ በሰው ወገብና ደረት ከፍታ መንደፍም ያውቃል።

ሁለተኛው ጉድለት ብዙ ሰው የማያምነው ነው። የተገደለ እባብ አልሞተም። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ከተለየ በኋላ እንኳ የነርቩ ግፊት ለረጅም ደቂቃዎች ይቆያል፤ የነካውን ይነክሳል፣ መርዙንም ይለቃል። በ2018 በአሜሪካ ቴክሳስ አንድ ሰው ጅራቱን የሚያንቋቋ እባብ አትክልት ቦታው ውስጥ አግኝቶ ጭንቅላቱን በአካፋ ቆረጠው። ጭንቅላቱን አንሥቶ ሊጥል ሲጎነበስ ተነደፈ፤ በሞትና በሕይወት መካከል ቆይቶ የተረፈው በብዙ ጠርሙስ ማርከሻ ነው። እኛ ዘንድ «ሐኪሙ እንዲያየው» ተብሎ የተቀጠቀጠውን እባብ በላስቲክ ቋጥሮ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የተለመደ ነው። ይህን እባካችሁ ተዉ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ከሩቅ ፎቶ ያነሣል፤ ለሐኪሙ እርሱ ይበቃዋል፤ ፎቶ ካልተገኘም ሐኪሙ የሚያክመው በሽተኛው ላይ የሚታየውን ምልክት አይቶ ነው።

ስለ ዱላ ሳስብ የጥንቱ የአርዌ ትውፊት ትዝ ይለኛል። ከአክሱም ነገሥታት በፊት አገሩን ገዛ የተባለው ያ ዘንዶ የሞተው፣ እንደሚተረከው፣ የተመረዘ ፍየል በልቶ ነው። ተራኪዎቹ ጀግናቸውን ከዘንዶው ጋር ግብ ግብ አላገጠሙትም፤ ርቆ እንዲቆም አደረጉት። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ያየ ሰውም ያስተውል፦ ጦሩ ረጅም ነው፣ ሰማዕቱም በፈረስ ላይ ነው። ከእባብ ጋር ርቀት ያስፈልጋል የሚለው ዕውቀት ከጥንት ጀምሮ እኛው ዘንድ ነበር።

ከዱላ ቀጥሎ የሚመጣው ባላ እንጨት ነው፤ ጫፉ እንደ ወንጭፍ እጀታ ሁለት የተከፈለ። በፊልምና በሥዕል የእባብ ያዥ ምልክት ይኸው ነው፤ አንገቱን መሬት ላይ ሰክቶ ከዚያ በጣት ከጭንቅላቱ ሥር መያዝ። በዚህ ዳሰሳ ከማነሣቸው ሁሉ ይልቅ ባላን ነው የምቃወመው። ምክንያቱም ባላ ሥራውን ራሱ አይጨርስም፤ የሚጨርሰው እጅ ነው። ባላው እባቡን ይዞ ያቆመዋል፣ ከዚያ ሰውየው እጁን ወደ አፉ ያስጠጋል። ሹካው ከሰፋ እባቡ ያመልጣል፤ ከጠበበ አንገቱን ይሰብረዋል። እፉኝት ደግሞ ጥርሱ ረጅምና እንደ ማጠፊያ የሚታጠፍ ስለሆነ ከጭንቅላቱ ኋላ የያዘውን ጣት እንኳ በገዛ መንጋጋው ሥር አሳልፎ ሊወጋ ይችላል። ጫፉ ላይ የገመድ ወይም የሽቦ ሸምቀቆ ያለበት ዘንግም ከዚሁ ወገን ነው፤ ለውሻ የተሠራ ነው፣ ለእባብ አንገት ግን ማነቂያ ነው።

እባብ የሚይዙ ባለሙያዎች የሚመኩበት መሣሪያ ሜንጦ ነው። ሲያዩት ምንም አያስደንቅም፤ ከአንድ ሜትር እስከ ሜትር ተኩል የሚደርስ ቀላል ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ሰፋ ብሎ የተቆለመመ ብረት። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ሜንጦዎች ብዙዎቹ የጎልፍ መምቻ ዱላ ራስ ተቆርጦ፣ በቦታው የተቆለመመ ብረት ተበይዶ የተሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በአሉሚኒየምና በማይዝግ ብረት ይሠራሉ። ሜንጦ እባቡን አይጨብጥም፤ ይሸከመዋል። ከሰውነቱ የመጀመሪያው ሢሶ አካባቢ ከሥሩ ገብቶ ቀስ ብሎ ያነሣዋል። ወፍራምና ዝግ ያለው እፉኝት ከመሬት ሲለቅ የሚወድቅ መስሎት በብረቱ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ይቀመጣል። ያልተጨመቀ፣ ያልታመመ እባብ የመናደፍ ምክንያቱ ይቀንሳል። ለከባድ እባብ ሁለት ሜንጦ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ሙያ ስም ያተረፉ ሰዎች ነበሩ። በታንጋኒካ ለረጅም ዘመን የኖረው ኮንስታንቲን አዮኒደስ (1901–1968) የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኖ ጀምሮ በኋላ «የእባቡ ሰው» እስኪባል ድረስ እባብ ሲይዝ ዕድሜውን ጨረሰ። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ጄምስ አሽ በ1980 በዋታሙ ባዮ ኬን የተባለውን የእባብ ማዕከል መሠረተ፤ ከላይ ያነሣሁት ግዙፍ መርዝ ተፊ ኮብራ የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው። ማዕከሉ በአካባቢው ቤቱ እባብ የገባበት ሰው ሲጠራው ሄዶ ያነሣለታል፤ ለዚህም ገንዘብ አይጠይቅም። የሚደወልለት ሰው ካለ ዱላ አንሥቶ የሚሮጠው ያንሳል፤ ከመሣሪያው ጥራት ይልቅ ሰው የሚያተርፈው እርሱ ነው።

ሜንጦ ግን ለሁሉም እባብ አይሆንም። ቀጭንና ፈጣን የሆነው ማምባና ኮብራ በብረቱ ላይ አይቀመጥም፤ ተንሸራትቶ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ዘንጉን ይዞ ወደ እጀታው ይወጣል። ልምድ የሌለው ሰው ያን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መጣል። የወደቀው እባብ ደግሞ እግሩ ሥር ነው።

ስለዚህ ለፈጣኖቹ ጉጠት ተሠራ። ጉጠቱ ረጅም ዘንግ ነው፤ በአንድ ጫፉ መንጋጋ፣ በሌላው ቃታ ያለው እጀታ። ቃታው ሲሳብ መንጋጋው ይዘጋል። የአንጥረኛን ጉጠት ወይም መንገድ ላይ ቆሻሻ የሚያነሡበትን መቆንጠጫ አስቡ፤ ዘንጉ ብቻ ይረዝማል። ለጀማሪ ከሜንጦ ይልቅ የሚቀለው ይህ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ ገዝቶ የሚያስቀምጠው። እኔ ግን ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ቃታ የሳበ ሰው በፍርሃት ጊዜ አጥብቆ ይስባል፤ የእባብ አካል ደግሞ ከአንገት እስከ ጅራት በቀጭን የጎን አጥንት የታጠረ፣ ከሥሩም ልብና ሳንባ ያለበት ነው። ጠባብ መንጋጋ ያላቸው ቀድሞ የተሠሩ ጉጠቶች ብዙ እባብ ሰብረዋል። እባቡ ሲታመም ይወራጫል፣ ይነድፋል፣ የያዘውም ሰው ይበልጥ ይጨምቃል። ኋላ ላይ ሰፊና ለስላሳ መንጋጋ ያላቸው መጡ፤ እነርሱ ግፊቱን ያከፋፍላሉ። ልምድ ያላቸው ያዦች ጉጠቱን ብቻውን አይጠቀሙም፤ አንገቱን ትተው ወገቡን ላላ አድርገው ይይዙና ክብደቱን በሜንጦ ይሸከማሉ። ጉጠት ያለ ሜንጦ ግማሽ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። እባቡን ማንሣት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። አንሥቶ የት ይከተዋል? ከማንሣቱ ይልቅ አደገኛው መክተቱ ነው። ጆንያ ከፍቶ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው የሚወራጭ እባብ ማስገባት ሁለቱንም እጅ ወደ አፉ ማቅረብ ነው። የእፉኝት ጥርስ ጨርቁን አልፎ ይወጋል፤ የተቋጠረ ጆንያ ከጭን አስጠግቶ የተሸከመ ሰውም ይነደፋል። ስለዚህ አሁን በብዙ ቦታ የሚመረጠው ክዳኑ የሚጠመዘዝ ትልቅ ባልዲ ነው፤ ከ20 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ክዳኑ አካባቢ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው። ባልዲው ብቻውን መሬት ላይ ይቆማል፤ የሚይዘው ሰው አያስፈልግም። እባቡ በሜንጦ ይገባል፤ ክዳኑ በሜንጦው ጫፍ ተገፍቶ ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው በእጅ የሚጠመዘዘው።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ቱቦውና ከረጢቱ ነው። ይህ በሕንድ በሰፊው የሚሠራበት ነው። ሕንድ የእባብ አገር ናት፤ በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት 1.2 ሚሊዮን ሕንዳውያን በእባብ ንድፊያ እንደሞቱ ገምቷል፤ በአማካይ በዓመት 58,000 መሆኑ ነው። በዚያው አገር በታሚል ናዱ ኢሩላ የሚባሉት ሕዝብ ከትውልድ ትውልድ እባብ አዳኞች ናቸው። በ1978 ሮሙለስ ዊተከር በሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ አጋዥነት ማኅበር አቋቁመው እባቡን ሳይገድሉ መርዙን እየወሰዱ ለማርከሻ ማምረቻ መሸጥና እባቡን መልሰው መልቀቅ ጀመሩ። መሣሪያቸው ጉድጓድ መቆፈሪያ ብረትና ዓይናቸው ብቻ ነው። በ2017 ሁለት ኢሩላዎች ወደ ፍሎሪዳ ተጋብዘው ሄደው አሜሪካኖቹ ያቃታቸውን ባዕድ ዘንዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከደርዘን በላይ ያዙላቸው፤ ሁለቱም በ2023 የአገራቸውን የክብር ሽልማት ተቀብለዋል። የኢሩላ ጥበብ ግን የሚወረስ እንጂ በሦስት ቀን ሥልጠና የሚሰጥ አይደለም።

ለተራው ሰው የሚሆነው ቱቦው ነው። ከ7 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ይወሰዳል፤ በአንድ አፉ ላይ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ይታሰራል። ቱቦው መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ክፍት አፉ ወደ እባቡ ዞሮ ይቀመጣል። ያዡ ከኋላ በሜንጦ ቀስ እያለ ይነካዋል። የተጨነቀ እባብ የሚሻው ጨለማ ጉድጓድ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ጉድጓድ ይመስለዋል። በገዛ ፈቃዱ ይገባል፣ አልፎም ከረጢቱ ውስጥ ይጠቀለላል። ከዚያ ከረጢቱ ከቱቦው በላይ ተጠምዝዞ ይታሰራል። ማንም አልጨመቀውም፣ ማንም አልጨበጠውም። ኬረላ የተባለው የሕንድ ክፍለ ግዛት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ብቻ እባብ እንዲያነሣ ደንግጎ፣ ሳርፓ በተባለ የስልክ መተግበሪያ ሕዝቡ በአቅራቢያው ያለውን ያዥ እንዲጠራ አድርጓል። በእስራኤልም ቤቱ እባብ የገባበት ሰው ፈቃድ ያለውን ያዥ ይጠራል እንጂ ራሱ አይገጥምም።

ይህን የማነሣው ቱቦው እዚህም ስላለ ነው። በየትኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይሸጣል። ሜንጦውን የአካባቢ በያጅ ከቀጭን ፌሮና ከእንጨት እጀታ ይሠራዋል፤ ከረጢቱን ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። ከውጭ የሚመጣ ነገር የለውም። የሚጎድለን ሠልጥኖ የሚይዘው ሰው ነው፤ ይህንን ደግሞ ሥልጠና እንጂ ገበያ አይሰጥም።

ያዡ በእጁ ከሚይዘው በተጨማሪ በዓይኑ ላይ የሚያደርገው አለ። መርዝ ተፊ ኮብራ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ዓይን ላይ አነጣጥሮ ይረጫል፤ የሜትር ከሃያ ሜንጦ ከዚህ አያድንም። የብየዳ ወይም የፋብሪካ ሥራ መከላከያ መነጽር ያድናል። መርዙ ዓይን ከገባ ብዙ ውኃ እያፈሰሱ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጓንት ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ወፍራም የቆዳ ጓንት ለትንሽ እባብ ይከላከል ይሆናል፤ የትልቅ እፉኝትን ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጥርስ ግን አያቆምም። ከዚህ የከፋው ጓንት ያጠለቀ ሰው በእጁ መያዝ መጀመሩ ነው።

ስለ ማባረሪያዎች ብዙ የምለው የለኝም። ነጭ ሽንኩርት መበተን፣ ጎማ ማጨስ፣ ድኝና ናፍታሊን መዝራት፣ መሬት ላይ ተተክሎ የሚነዝር መሣሪያ፤ የተሞከሩት ሁሉ በጥናት ፊት አልቆሙም። የናፍታሊኑ ጉዳት ለልጅ ነው።

ከንድፊያ በኋላ ለሚሸጡት የእጅ መሣሪያዎች ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም ጊዜ ይበላሉ፣ ጊዜ ደግሞ ሕይወት ነው። መርዝ ይመጥጣል የተባለ ትንሽ የፕላስቲክ መምጠጫ ፓምፕ ለዘመናት በአሜሪካ የተጓዦች ሻንጣ ውስጥ ነበር። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሰው እግር ላይ መርዝ መሳይ ፈሳሽ ወግቶ ፓምፑን ሞከረው፤ ፓምፑ ያወጣው ደም ነበር፣ መርዝ መሳዩ ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልወጣም። ሌላው የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። በ1986 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ከኢኳዶር የወጣ አጭር ደብዳቤ በንዝረት ሰዎች እንደዳኑ ተናገረ፤ ከዚያ ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መንዘሪያ ገዛ፣ አንዳንዱም ሽቦ ከመኪናው ሞተር ጋር አገናኝቶ በራሱ ላይ ሞከረ። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች አንዳች ጥቅም አላገኙበትም። በአፍሪካ በብዙ ቦታ ንድፊያው ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ድንጋይም ከዚሁ አይለይም። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፤ ሁሉም ይቅሩ። የተነደፈው ሰው ይረጋጋ፤ ቀለበቱና ጫማው ይውለቅ፤ እጅ ወይም እግሩ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ይደገፍ፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ማርከሻው እዚያ ነው፣ ያውም ካለ። የአፍሪካ እባቦች ዋና ማርከሻ ከነበሩት አንዱን አምራቹ ሳኖፊ ፓስተር በ2014 ማምረት አቁሟል፤ የመጨረሻው ክምችት የአገልግሎት ጊዜ ያበቃው በ2016 ነው። ሌላ ማርከሻ አለ፤ ግን ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። ስለዚህ መከላከል ከየትኛውም አገር ይልቅ እኛን ይመለከተናል።

የተያዘው እባብ ወዴት ይሂድ? ሰው ሩቅ ወስዶ መልቀቅ ደግ ሥራ ይመስለዋል። በአሜሪካ በአንድ የእባብ ዝርያ ላይ የተደረገና በ1999 የታተመ ጥናት ከቦታቸው ርቀው የተለቀቁት ከነባሮቹ ይልቅ ብዙ እንደሚንከራተቱና እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከመኖሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ከማይሠራበት ቁጥቋጦ መልቀቅ ይሻላል። እባብ አይጥ ይበላል፤ ጎተራ ሥር ያመጣውም አይጡ ነበር። ጎተራው ከመሬት ከፍ ካላለ፣ የድንጋይ ካቡና የእንጨት ክምሩ ከቤት ካልራቀ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

አሁን ወደ ምመርጠው መሣሪያ ልምጣ። ሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ አብዱራፊና መተማ አካባቢ፣ በየዓመቱ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥና ማሽላ ያርማል፣ ያጭዳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብዱራፊ ለዓመታት የካላዛር በሽተኞችን ሲያክም በእባብ የተነደፉትንም አክሟል፤ ብዙዎቹ እነዚሁ ሠራተኞች ነበሩ። ሠራተኛው በሸበጥ ወይም በባዶ እግሩ ይሠራል፤ ሰሊጡን ጎንበስ ብሎ በግራው ጨብጦ በማጭድ ያጭዳል፤ ማታ መሬት ላይ ይተኛል፤ ለሽንት በጨለማ ይወጣል። ለዚህ ሰው የቃታ ጉጠት ምን ይሠራለታል? እባቡን አላየውማ።

ለእርሱ የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ ነው። ከሁሉም የእባብ መሣሪያ ሰው የሚያድነው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እፉኝትና ኤኪስ የሚነድፉት በአብዛኛው የረገጣቸውን ነው፣ የሚረገጡትም ስላልታዩ ነው። ሁለተኛው ረጅም በትር ነው፤ ለመምታት ሳይሆን እጅ ወይም እግር ከመግባቱ በፊት ነዶውን፣ ሣሩን፣ የጫማውን ውስጥ ለመነካካት። እባብ የመሬቱን ንዝረት ይሰማል፤ አብዛኛው እባብም ሰው ሳይደርስበት ይሸሻል። ሦስተኛው እስከ ባት የሚደርስ ቦት ጫማ ነው። አራተኛው አጎበር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኔፓል የተደረገና በ2007 የታተመ ጥናት በአጎበር ውስጥ የሚተኛ ሰው በእባብ የመነደፍ ዕድሉ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የኔፓሉ ሌሊት ወራሪ እባብ ከእኛ የተለየ ዝርያ ቢሆንም በተኛ ሰው ላይ የሚወጣ እባብ ጠባዩ አንድ ነው። አጎበሩ ደግሞ ለወባ ተብሎ ታድሎ በብዙ ቤት አለ። ጫፉን ከፍራሹ ሥር መወተፍ ነው የቀረው።

በእርሻ ላይ የተሰማራችሁ ባለሀብቶች፣ የወረዳ ጤናና ግብርና ባለሙያዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ከአረሙም ከአጨዳውም ወቅት በፊት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማና አንድ አጎበር ስጡ። በየእርሻው አንድ ሰው ይሠልጥን፤ ሜንጦ፣ የፍሳሽ ቱቦ ከነከረጢቱ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ባልዲና የብየዳ መነጽር ይሰጠው። እባብ ሲታይ ሌላው ሁሉ ርቆ እንዲቆምና እርሱን እንዲጠራ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ይነገረው። ማርከሻ ያለው የቅርቡ ጤና ተቋም የት እንደሆነና ሌሊት የሚያደርስ መኪና ማን ዘንድ እንዳለ በሠራተኛው መጠለያ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።